የሩቅ ምሥራቅን ቋንቋ መማር ምን ይጠቅማል?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በአንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



የትምህርት ቤታችንን የምሥረታ በዓል ለማክበር በተሰበሰብንበት በዚህ ቀን፥ ከመጨረሻው ክፍል ተማሮች መካከል ስለ ወደፊቱ ትምህርት እንዲናገሩ ከታዘዙት አንዷ ስለ ሆንሁ ደስታዬ ከፍ ያለ ነው። እኔ የመረጥሁት ርእስ በመካከላችን ብዙ ጊዜ የማይነሣ ነው። ይኸውም የቻይናንና የጃፓንን ቋንቋዎች ከአካባቢው ታሪክና ባህል ጋራ በዩኒቨርሲቲ ስለ መማር ነው። ፈተናውን በእግዚአብሔር ፈቃድ ካለፍሁ ልማረው ያሰብሁት ይህንኑ ነውና ነገሩ ለእኔ የጨዋታ አይደለም።

ሐሳቤን ለዘመዶቼ በገለጽሁ ጊዜ ሦስት ጥያቄዎች ቀረቡልኝ። አንደኛው፥ «ይህን ተምረሽ ምን ልትበዪ ነው?» የሚል ነው። ሁለተኛው፥ «ዛሬ ስልኩ ራሱ ይተረጉም የለም ወይ?» የሚል ነው። ሦስተኛው የአጎቴ ነው፤ እርሳቸውም፥ «ልጄ፥ የቻይና ፊደል አያልቅም ይባላል፤ ያንቺ ዕድሜ ግን ያልቃል» አሉኝ። ሦስቱም ጥያቄዎች ከፍቅር የመጡ ናቸውና መልስ ይገባቸዋል። እንደዚሁም ዛሬ እዚህ የተቀመጡ ብዙ ወላጆች ልጆቻቸው ያልተለመደ ትምህርት በመረጡ ጊዜ የሚጠይቁት ይህንኑ ስለሚሆን፥ መልሱን በሁላችሁ ፊት ለመስጠት እሞክራለሁ። በንግግሬ ውስጥ የምጠራቸው ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ እወዳለሁ፤ በእኛ አቆጣጠር የሆነውን ስጠራ ዓ.ም. ብዬ እለየዋለሁ።

አስቀድሜ ግን አንድ የታሪክ ነገር ላንሣ። እኛ ኢትዮጵያውያን ስለ ሩቅ ምሥራቅ ማሰብ የጀመርነው ዛሬ አይደለም። በ1923 ዓ.ም. የታወጀውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥታችንን ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም እንደ አብነት የተመለከቱት የጃፓንን የ1889 ሕገ መንግሥት ነበር። ወዲያውም በ1924 ዓ.ም. የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ወደ ጃፓን ተልከው አገሩን ጐበኙ፤ ያዩትንም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተባለ መጽሐፍ ጽፈው ለሕዝብ አቀረቡ። ጃፓን ከ1868 ወዲህ በአጭር ዘመን ትምህርቷን፥ ሠራዊቷንና ፋብሪካዋን አደራጅታ በ1905 ታላቂቱን ሩስያን ድል እስከ ማድረግ ስለ ደረሰች፥ የተማሩት ወጣቶቻችን «እኛስ እንደ ጃፓን የማንሆነው ስለ ምንድን ነው?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። ጥያቄው የአገር ፍቅር ጥያቄ ነበር፤ ማንም ሊነቅፈው አይችልም።

ነገር ግን በዚያው በ1931 መስከረም ወር የጃፓን ሠራዊት የቻይናን ክፍል ማንቹሪያን መያዝ ጀምሮ ነበር። ኢጣሊያ አገራችንን ከወረረች በኋላም ጃፓን በ1936 መጨረሻ አዲስ አበባ የነበረውን ሌጋሲዮኗን ወደ ቆንስላ ዝቅ በማድረግ ወረራውን በተግባር ተቀበለችው። ኢጣሊያም በበኩሏ በ1937 ጃፓን በማንቹሪያ ላቆመችው መንግሥት ዕውቅና ሰጠች። ቻይና ግን፥ ራሷ በጃፓን ሠራዊት ተወርራ ሳለች፥ ኢጣሊያ በኢትዮጵያ ላይ የያዘችውን ግዛት ካልተቀበሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ሆነች። ከሩቅ ያደነቅናት አንድ ነገር አደረገች፤ ብዙም ያላሰብናት ሌላ ነገር አደረገች።

ይህን የማነሣው የቆየ ቂም ለመቀስቀስ አይደለም። ጃፓን ዛሬ ወዳጃችን ናት፤ አበበ ቢቂላ በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ከተማ በማራቶን ሁለተኛ ጊዜ ወርቅ ባገኘ ጊዜ ሕዝቧ ቆሞ ያጨበጨበለት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። የማነሣው፥ ማድነቅ ሌላ፥ ማወቅ ሌላ መሆኑን ስለሚያሳይ ነው። በቶኪዮ ጋዜጦች ይጻፍ የነበረው፥ በምክር ቤቱም ይነገር የነበረው ነገር ሁሉ በጃፓንኛ ነበር። በእኛ አገር የመጀመሪያው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተከፈተው በ1950 ስለ ሆነ፥ በዚያ ዘመን ጃፓንኛም ሆነ ቻይንኛ የሚማሩበት ከፍተኛ ትምህርት ቤት አልነበረንም። አባቶቻችን ባልነበራቸው ነገር አይወቀሱም። እኛ ግን በሩ ተከፍቶልን ሳለ ባንገባ የሚጠየቀው ማን ነው?

እንግዲህ ወደ ቋንቋዎቹ ልለፍ። ብዙ ሰው ቻይንኛና ጃፓንኛ እንደ ግእዝና እንደ አማርኛ ዘመዳማቾች ይመስሉታል። ይህም ጽሕፈታቸው ስለሚመሳሰል ነው። በእውነቱ ግን በዘር አይገናኙም። ጃፓኖች የቻይናን ፊደል በኮሪያ በኩል የተቀበሉት ከአንድ ሺሕ አምስት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ ሲቀበሉትም ከራሳቸው ንግግር ጋራ ለማስማማት ብዙ ደክመዋል። እኛም የግእዝን ፊደል ለአማርኛ ስናውለው በግእዝ የሌለውን ድምፅ ለመጻፍ ሸ፥ ቸ፥ ኘ፥ ዠ፥ ጨንና ጀን መጨመር እንዳስፈለገን ያለ ነው።

በቻይንኛ አንድ ድምፅ እንደ አወጣጡ ትርጉሙ ይለወጣል። «ማ» የሚለው ድምፅ ከፍ ብሎ ሳይዋዥቅ ሲነገር እናት ማለት ነው፤ ከዝቅታ ወደ ላይ ሲወጣ ቃጫ የሚወጣበት ተክል፤ ወርዶ ሲነሣ ፈረስ፤ ከላይ ወደ ታች ሲወድቅ መሳደብ ይሆናል። ይህ ለጆሮአችን እንግዳ ነው፤ ሆኖም ፈጽሞ ልንይዘው የማንችለው አይደለም። እኛ ራሳችን «አለ» ብለን ጽፈን አንዱን አላልተን «ተናገረ»፥ ሌላውን አጥብቀን «ይገኛል» እንል የለምን? «ዋና» ስንልም በውሃ ውስጥ የሚዋኘውን ከአለቃው የምንለየው በጆሮ ብቻ ነው። የውጭ አገር ሰው አማርኛ ሲማር በዚህ ይቸገራል፤ ይሁን እንጂ ይለምደዋል።

ስለ ፊደሉ ብዙ ተረት ይነገራል። ሁሉም ሥዕል ነው የሚሉ አሉ። በእርግጥ አንዳንዱ ከሥዕል የመጣ ነው፤ የዛፍ ምልክት አንድ ሲሆን ዛፍ፥ ሁለት ሲሆን ጫካ፥ ሦስት ሲሆን ጥቅጥቅ ያለ ደን ይሆናል። የሚበዛው ፊደል ግን በሁለት ክፍል የተሠራ ነው፤ አንዱ ክፍል የትርጉሙን ወገን፥ ሌላው ክፍል ድምፁን ያመለክታል። ቀደም ብዬ የጠራሁት «ማ»፥ እናት የሚለው፥ የሚጻፈው በሴት ምልክትና በፈረስ ምልክት ነው። ፈረሱ የገባው ስለ ድምፁ ብቻ ነው፤ እናት ፈረስ ትጋልባለች ለማለት አይደለም። ይህን ሕግ ያወቀ ተማሪ ፊደሎቹን እንደ ተበተነ ጥሬ አንድ በአንድ አይለቅምም፤ በነዶ በነዶ ያስራቸዋል።

የአጎቴ ጥያቄ እዚህ ላይ መልስ ያገኛል። በ1716 የወጣው የንጉሠ ነገሥት ካንግሺ መዝገበ ቃላት ከአርባ ሰባት ሺሕ በላይ ፊደላት እንዳሉት እውነት ነው። ነገር ግን የቻይና መንግሥት በ2013 ባወጣው ዝርዝር ውስጥ ለዕለት ተዕለት ንባብ ዋነኞች የተባሉት 3,500 ናቸው። የጃፓን መንግሥት በ2010 ለጠቅላላ አገልግሎት የመደባቸው ደግሞ 2,136 ናቸው። በየቀኑ አምስት ፊደል የሚያጠናና የማይረሳ ተማሪ 3,500ውን በሁለት ዓመት ውስጥ ይጨርሳል። ሰው ግን ይረሳልና አራት ዓመት እንበለው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ዳዊት የደገሙ፥ ዜማ ያጠኑ፥ በቅኔ ቤት ስንት ክረምትና በጋ ያሳለፉ አባቶች ባሉበት አገር አራት ዓመት የሚያስፈራ ጊዜ አይመስለኝም።

ወደ ጃፓንኛ ስንመጣ ደግሞ አንድ የሚያስደስት ነገር እናገኛለን። እኛ «እኔ መጽሐፍ አነባለሁ» እንላለን። ቻይናዊው «ዎ ካን ሹ» ይላል፤ ይኸውም «እኔ አነባለሁ መጽሐፍ» እንደ ማለት ነው፤ የእንግሊዝኛም ሥርዐት እንዲሁ ነው። ጃፓናዊው ግን «ዋታሺ ዋ ሆን ኦ ዮሚማስ» ይላል። «ዋታሺ» እኔ፥ «ሆን» መጽሐፍ፥ «ዮሚማስ» አነባለሁ ነው፤ ግሱ እንደ እኛው በመጨረሻ ይቆማል። «ትናንት የገዛሁት መጽሐፍ» ለማለትም «ኪኖ ካታ ሆን» ሲል የቃላቱ ተራ ከአማርኛው ጋራ አንድ ነው። እንግሊዛዊ ተማሪ ጃፓንኛ ለመናገር ሐሳቡን ገልብጦ መደርደር አለበት፤ እኛ ግን የቤታችንን ልማድ ይዘን እንገባለን።

የአክብሮቱም ነገር እንዲሁ ነው። «አንተ»፥ «አንቺ»፥ «እርስዎ»፥ «እሳቸው» እያልን ያደግን ልጆች፥ ለታላቅና ለታናሽ የሚነገረው ግስ በጃፓንኛ የተለያየ መሆኑን ስንሰማ አንደነግጥም። በተጨማሪም ጃፓኖች ከቻይናው ፊደል ቀርፀው ያወጧቸው ሂራጋናና ካታካና የሚባሉ ሁለት የራሳቸው ፊደላት አሏቸው። እያንዳንዳቸው 46 መሠረታዊ ምልክቶች ሲኖሯቸው፥ «ካ፥ ኪ፥ ኩ፥ ኬ፥ ኮ» እየተባለ ተነባቢውና አናባቢው ባንድነት ይቈጠራል። «ሀ ሁ ሂ» እያለ በፊደል ገበታ ፊት ለተቀመጠ ልጅ ይህ አዲስ ዓለም አይሆንበትም።

የጃፓንኛ ዋናው ጭንቅ አንዱ የቻይና ፊደል ሁለትና ሦስት ንባብ ያለው መሆኑ ነው። ተራራ የሚለው ፊደል ብቻውን ሲቆም «ያማ» ይባላል፤ «ፉጂ ሳን» በሚለው የታወቀ ተራራ ስም ውስጥ ግን «ሳን» ይባላል። «ያማ» የጃፓኖች የራሳቸው ቃል ሲሆን፥ «ሳን» ቻይናዊው «ሻን» ከሚለው የመጣ ነው። እኛ በግእዝ «ደብር» የሚለውን አይተን «ተራራ» ብለን እንደምንረዳ፥ አንዳንዴም «ደብር» የሚለውን እንደ ተጻፈ እንደምንጠራ አስቡት። ቻይንኛ ለጃፓኖች፥ ለኮሪያዎችና ለቬትናሞች ለብዙ ዘመን የሊቃውንት ጽሕፈት ቋንቋ ነበርና፥ የግእዝን ሥፍራ የሚያውቅ ሰው የዚህን ታሪክ ፈጥኖ ያስተውላል። ሌላም የምጠቅሰው አለ። የቻይንኛ ትምህርት የወንዶች ነው በሚባልበት ዘመን፥ በአሥራ አንደኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ፥ ሙራሳኪ ሺኪቡ የተባለች የቤተ መንግሥት ሴት በሂራጋና የጻፈችው «የጌንጂ ታሪክ» የጃፓን ሥነ ጽሑፍ ታላቅ ሐውልት ሆኖ እስከ ዛሬ ይነበባል። ለእኅቶቼ ተማሮች ይህን ማስታወስ ይገባኛል።

«ታዲያ አንዱን ብትማሪ አይበቃም ወይ? ሁለቱን ባንድነት ምን አስፈለገ?» የሚል ይኖራል። መልሱን በአንድ በምናውቀው ቃል ልስጥ። ዛሬ በፋብሪካና በመሥሪያ ቤት «ካይዘን» የሚለውን ቃል ያልሰማ ሠራተኛ ጥቂት ነው፤ በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ስለ ተቋቋመ ቃሉ በአገራችን ተስፋፍቷል። ቃሉ በሁለት የቻይና ፊደላት ይጻፋል፤ «ካይ» መለወጥ፥ «ዘን» መልካም ማለት ነው። እነዚሁኑ ፊደላት ቻይናዊው «ጋይሻን» ብሎ ያነባቸዋል፤ ትርጉሙም ማሻሻል ነው። እንግዲህ የአንድ የጃፓን የሥራ ዘዴ ስም ጃፓንኛ ላልሰማ ቻይናዊ በጽሕፈት ይገባዋል ማለት ነው።

ቃላትም ከጃፓን ወደ ቻይና ተመልሰዋል። ጃፓኖች ከ1868 በኋላ የአውሮፓን ዕውቀት ሲተረጉሙ ለፍልስፍና፥ ለኢኮኖሚና ለኅብረተሰብ የሚሆኑ ቃላት በቻይና ፊደል አዘጋጁ፤ በጃፓን የተማሩ ቻይናውያንም እነዚህን ቃላት ይዘው ወደ አገራቸው ገቡ። ዛሬ የቻይና ተማሪ «ጂንግጂ» ሲል፥ የጃፓን ተማሪ «ኬይዛይ» ሲል ሁለቱም ኢኮኖሚ ማለታቸው ነው፤ ፊደሉም መሠረቱ አንድ ነው። አንዱን ብቻ የሚያውቅ ሰው የዚህን ምልልስ ግማሹን ብቻ ያያል።

ከቃላትም የሚበልጥ ምክንያት አለ። እነዚህ ሁለት ሕዝቦች እርስ በርሳቸው ብዙ ደም ተፋሰዋል። በ1894 እና በ1895 ተዋግተዋል፤ በ1931 ማንቹሪያ ተያዘች፤ በ1937 ጃፓን መላ ቻይናን መውረር በጀመረችበት ዓመት በናንጂንግ ከተማ የተፈጸመው እልቂት እስከ ዛሬ ይለቀስበታል። ግንኙነታቸውን ያደሱት በ1972 ነው። ስለዚህ ዘመን በቤጂንግ የሚታተመውን መጽሐፍ ብቻ ያነበበ አንድ ነገር ያውቃል፤ በቶኪዮ የሚታተመውን ብቻ ያነበበ ሌላ ነገር ያውቃል። ሁለቱን ያነበበ ግን ሰው ስለ ራሱ በደል ሲጽፍና ስለ ደረሰበት በደል ሲጽፍ ቃሉን እንዴት እንደሚመርጥ ያስተውላል። ይህ ማስተዋል ለሩቅ ምሥራቅ ብቻ የሚጠቅም አይመስለኝም። እኛም በአገራችን አንዱን ታሪክ በተለያየ አፍ የምንሰማ ሕዝብ ነን፤ የሁለት ወገን ጽሑፍ በትዕግሥት ማንበብ የለመደ ሰው ያስፈልገናል።

አሁን በሚስዮን ትምህርት ቤት ተምሬ የምወጣ ስለ ሆንሁ፥ ከመልእክተኞች መካከል ጥቂቶቹን ብጠቅስ አይከፋችሁ። ማቴዎ ሪቺ የተባለው ኢጣሊያዊ ካህን በ1582 ማካው ደርሶ ቻይንኛ ማጥናት ጀመረ፤ ቤጂንግ ገብቶ ለመኖር የተፈቀደለት በ1601 ነው። በመካከሉ የቻይናን ሊቃውንት መጻሕፍት አጥንቶ ራሱ በቻይንኛ መጻሕፍት ጻፈ፤ በ1607ም ሹ ጓንግቺ ከተባለው ሊቅ ጋራ ሆኖ የኤውክሊድን የጂኦሜትሪ መጽሐፍ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ክፍሎች ወደ ቻይንኛ መለሰ። ሮበርት ሞሪሰን በ1807 ካንቶን በደረሰ ጊዜ ለውጭ አገር ሰው ቻይንኛ ማስተማር በሕግ የተከለከለ ነበር፤ እርሱ ግን በስውር ተምሮ ታላቅ መዝገበ ቃላት አዘጋጀ፤ የመጽሐፍ ቅዱሱም ትርጉም በ1823 ታተመ። ጄምስ ሌግም በሆንግ ኮንግ ብዙ ዓመት የቻይናን ጥንታዊ መጻሕፍት ሲተረጉም ቈይቶ በ1876 በኦክስፎርድ የመጀመሪያው የቻይንኛ ፕሮፌሰር ሆነ። እነዚህ ሰዎች ለማስተማር ሄደው አስቀድመው ተማሪዎች ሆኑ። ከሃይማኖታቸው ጋራ የማይስማማ ሰው እንኳ ትጋታቸውን ሊክድ አይችልም።

መንግሥታት ግን ብዙ ጊዜ የሚነቁት ዘግይተው ነው። እንግሊዝ ከጃፓን ጋራ ጦርነት ከገባች በኋላ ጃፓንኛ የሚያውቅ ሰው ስላነሣት፥ በ1942 በዕድሜ የእኛ እኩዮች የሆኑ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጆች ተመርጠው በለንደን የምሥራቅና የአፍሪቃ ጥናት ትምህርት ቤት ጃፓንኛና ቻይንኛ በጥድፊያ እንዲማሩ ተደረገ። ጦርነት እስኪመጣ መጠበቅ ያስከተለው ጥድፊያ ነው። በዚሁ ትምህርት ቤት አማርኛም ይሰጥ እንደ ነበረ፥ በ1964ም የኢትዮጵያ ጥናት ፕሮፌሰር እንደ ተሾመበት ስናውቅ ልናፍርም ልንበረታታም ይገባናል። ሌሎች የእኛን ቋንቋ በወንበር ተቀምጠው አጥንተዋል። እኛ የማንን ቋንቋ እንደዚህ አጠናን?

ትምህርቱ ከባድ መሆኑን አልሸሽግም። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን የሚያስተምርበት ተቋም ቋንቋዎችን ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ እንደሚወስዱት ጊዜ ይመድባል። ለአማርኛ የመደበው 44 ሳምንት ሲሆን፥ ለቻይንኛና ለጃፓንኛ የመደበው ለእያንዳንዳቸው 88 ሳምንት፥ ማለት 2,200 የክፍል ሰዓት ነው። በዩኒቨርሲቲም በመጀመሪያው ዓመት ድምፅና ፊደል፥ በሁለተኛው ሰዋስውና ንባብ፥ ከዚያም በአገሩ መካከል ኖሮ መማር፥ በመጨረሻም ከታሪክ፥ ከሕግ፥ ከኢኮኖሚ ወይም ከሥነ ጽሑፍ አንዱን መርጦ በዚያው ቋንቋ ማንበብ የተለመደ ሥርዐት ነው። ቋንቋውን ብቻ ተምሮ ሌላ ሙያ የሌለው ሰው ቁልፍ ይዞ የሚከፍተው ቤት የጠፋበት ሰው ይሆናል። ስለዚህ እኔም ቋንቋውን ከሕግ ትምህርት ጋራ ለማያያዝ አስቤአለሁ።

«ምን ልትበዪ ነው?» ለተባለው መልሱ ይኸው ነው። በቻይና ኩባንያዎች ተሠርቶ በ2016 የተመረቀው የአዲስ አበባና የጅቡቲ የባቡር ሐዲድ፥ በ2012 የተመረቀው የአፍሪቃ ኅብረት አዳራሽ፥ በየኢንዱስትሪ መንደሩ የተተከለው ፋብሪካ ሁሉ ውል፥ መመሪያና ደብዳቤ አለው። ከኢትዮጵያዊው ሠራተኛና ከቻይናዊው አለቃ መካከል በእጅ ምልክትና በተሰባበረ እንግሊዝኛ የሚያልፈውን ጭቅጭቅ በሥራው ቦታ የነበረ ያውቀዋል። በዚያ መካከል ቆሞ የሁለቱንም ቃል በትክክል የሚያስተላልፍ፥ ውሉንም ከመፈረሙ በፊት የሚያነብ ሰው እንጀራ አያጣም። ለአገሩም ጋሻ ይሆናል። ከሌላው ወገን በተላከ አስተርጓሚ ጆሮ ብቻ የሚሰማ ነጋዴ በሌላ ሰው ሚዛን እንደሚሸጥ ገበሬ ነው።

የስልኩም ነገር እንዲሁ ነው። የዛሬ መሣሪያ ብዙ እንደሚሠራ አልክድም፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። ግን አንድ ምሳሌ ስሙ። «እጅ» እና «ወረቀት» የሚሉ ሁለት ፊደላት ባንድነት ሲጻፉ ጃፓናዊው «ተጋሚ» ብሎ ያነባቸዋል፤ ደብዳቤ ማለቱ ነው። ቻይናዊው ግን «ሾውጂ» ብሎ ያነባቸዋል፤ ትርጉሙም የመጸዳጃ ቤት ወረቀት ነው። መሣሪያው ቢሳሳት ቋንቋውን የማያውቅ ሰው መሳሳቱን በምን ያውቃል? ትርጉሙን የሚያመሰግነውም የሚነቅፈውም የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። በደብዳቤ ላይ ቢሆን ስቀን እናልፈዋለን፤ በብድር ውል ላይ ቢሆን ግን ዕዳው የልጅ ልጅ ይደርሳል።

ወላጆቻችን ልጆቻቸው ሐኪም ወይም መሐንዲስ እንዲሆኑ መመኘታቸው ተገቢ ነው፤ አገራችን ሐኪም ያንሳታል። ግን ስለ አንድ ሰው ልንገራችሁ። ሉ ሹን የተባለው ቻይናዊ በ1902 ወደ ጃፓን ሄዶ ጃፓንኛ ተማረ፤ በ1904ም በሰንዳይ ከተማ የሕክምና ትምህርት ጀመረ። በ1906 ትምህርቱን ትቶ ወደ ሥነ ጽሑፍ ዞረ። በ1918 በሚነገረው ቋንቋ የጻፈው አጭር ልብ ወለድ የአዲሱ የቻይና ሥነ ጽሑፍ መጀመሪያ ሆኖ ይቈጠራል፤ እርሱም እስከ ዛሬ የሕዝቡ ታላቅ ደራሲ ነው። ይህን ስል ሕክምና የጀመረ ሁሉ ይተወው ማለቴ አይደለም። ሕዝብ የሚያገለግልበት መንገድ ከአንድ በላይ መሆኑን ለማሳየት ነው።

ስለዚህ ሦስት ልመና አቀርባለሁ። ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፥ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቻይንኛ በዲግሪ ደረጃ ይሰጣል፤ የጃፓን መንግሥትም ከ1954 ጀምሮ ለውጭ አገር ተማሮች ነፃ ትምህርት ይሰጣል፤ ለዲግሪ የሚሄድ ተማሪ መጀመሪያ አንድ ዓመት ቋንቋውን ይማራል። ዕድሉን ሳትጠይቁ «ለእኔ አይሆንም» አትበሉ። የጀመራችሁም እንደ ሆነ ሰላምታ ለመለዋወጥ ያህል ተምራችሁ አትቁሙ፤ ጋዜጣና ሕግ እስክታነቡ ድረስ ግፉበት።

የተከበራችሁ መምህራን፥ በቤተ መጻሕፍታችን ስለ አውሮፓ ታሪክ ብዙ መጻሕፍት አሉ። ከእነርሱ አጠገብ የቻይናና የጃፓን፥ የኮሪያም ታሪክ አንድ መደርደሪያ ቢያገኝ ከእኛ በኋላ የሚመጡት ልጆች ያንን የዓለም ክፍል ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያውቁት በሸቀጥ ላይ በተጻፈው የፋብሪካ ስም አይሆንም።

የተወደዳችሁ ወላጆች፥ ልጃችሁ ያልተለመደ ትምህርት ሲመርጥ «ምን ልትበላ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ጥያቄው የሚገባ ነው፤ እኔንም ብዙ እንዳስብ ረድቶኛል። ነገር ግን ጥያቄውን ካቀረባችሁ በኋላ መልሱን እስኪጨርስ ስሙት። መልሱ በቂ ሆኖ ካገኛችሁት መርቃችሁ ላኩት። አጎቴ ይህን ሁሉ ከሰሙ በኋላ፥ «እንግዲያስ በቀን አምስት ፊደል ማጥናትሽን ማታ ማታ እኔው እቈጣጠራለሁ» ብለውኛል። ቃላቸውን በዚህ ጉባኤ ፊት ስላስመዘገብሁባቸው ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ።

ትምህርት ቤታችንን ያቋቋሙትን፥ ያስተማሩንንና ያሳደጉንን እግዚአብሔር ይባርክልን።